ጢስ ዓባይ በካሜራ፦ የፏፏቴው፣ የማመንጫዎቹና የጉብኝት አገልግሎቱ ግምገማ

ፎቶ ለማንሳት ወደ ጢስ ዓባይ ለሚወርድ ሰው የጉዞውን ዋጋ የሚወስኑት መግቢያው ላይ የሚቆረጠው ቲኬትም ሆነ የአስጎብኚው ችሎታ አይደሉም፤ ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የተሠሩት የጨረጨራ ግድብ በሮች ናቸው። በሮቹ ተከፍተው ውሃው በፏፏቴው በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ አገልግሎቱ ከተከፈለበት በላይ ይሰጣል። ውሃው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲመራ ደግሞ ጎብኚው ጥቁር ገደልና በላዩ የሚንጠባጠቡ ጥቂት ነጫጭ ክሮች አይቶ ይመለሳል። ይህ ግምገማ የመግቢያውን፣ የአካባቢውን አስጎብኚዎች፣ የእግር መንገዱን፣ የጀልባውንና ከሁሉም በላይ ፏፏቴውን ከውሃ ኃይል ማመንጫዎቹ ጋር አንድ አድርጎ ማንሳት የሚቻልበትን ሁኔታ ይመለከታል። አስቀድሜ ፍርዴን ልናገርና ጉዞው ይገባል እላለሁ፤ የሚገባው ግን ፏፏቴውን ብቻ ሳይሆን የውሃውን ሥራ በሙሉ ለማንሳት ለሚሄድ ሰው ነው።

አብዛኞቻችን ይህን ቦታ መጀመሪያ ያየነው በዓይናችን ሳይሆን በገንዘብ ላይ ነው። የቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ወፎቹ አጠገብ የተሣለው ፏፏቴ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ሙሉ ውሃ ነበር፤ ከዚያ ሥዕል ጋር ያደገ ትውልድ ካሜራውን ይዞ ሲሄድ የሚጠብቀውም ያንኑ ነው። ቦታው ላይ ቅር ተሰኝተው የሚመለሱ ሰዎችን ያነጋገረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቅሬታቸው ከአስጎብኚ ወይም ከመንገድ ጋር ሳይሆን ከዚያ ኖት ጋር ነው። ስለዚህ ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን ከመናገሬ በፊት ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ይህን ሳያውቁ የሚነሳ ፎቶ ጥሩ ሊሆን ቢችልም በአጋጣሚ ነውና።

የጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ የኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነው። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነው፦ ከፏፏቴው በላይ ካለው ወንዝ ውሃ በቦይ ይጠለፋል፣ ተፈጥሮ ራሷ ባዘጋጀችው ከፍታ ቁልቁል ወርዶ ተርባይኖቹን ያዞራል፣ ከዚያም ከፏፏቴው በታች ወደ ሸለቆው ይመለሳል። ከፍታውን ሰው አልገነባውም፤ ገደሉ ራሱ ነው። ማመንጫው ትንሽ በነበረበት ዘመን ወንዙ ለሁለቱም ይበቃ ስለነበር፣ በክረምትና ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ቦዩ የሚወስደው ድርሻ ዓይን አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የጨረጨራ ግድብ በሁለት በሮች ተሠርቶ የሐይቁ አፍ በሰው ቁጥጥር ሥር ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ሲጨመርና የግድቡ በሮች ሰባት ሲደርሱ ሚዛኑ ተገለበጠ። ማመንጫው የሚጠጣው ውሃ ከፏፏቴው ድርሻ የሚቀነስ ስለሆነ፣ መብራት በሚፈለግበት ሰዓት ገደሉ መድረቅ ጀመረ። በእኛ አቆጣጠር የ1990ዎቹ መጨረሻ ጎብኚዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች የተመለከተ ሰው ይህንን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ለውጥ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመርቆ ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን፣ ውሃውን ከጣና በስተ ምዕራብ በኩል ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ውስጥ በማሳለፍ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። ተመሳሳይ ውሃ በበለስ በኩል ሲወርድ የሚያገኘው ከፍታ በጢስ ዓባይ ከሚያገኘው እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ፣ አንዲት ጠብታ በዚያ በኩል የምትሰጠው ኃይል ብዙ እጥፍ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ወደ ተጠባባቂነት ወርደዋል። ለፎቶ አንሺ ይህ መልካምም ክፉም ዜና ነው። መልካምነቱ ወደ ዓባይ የተለቀቀው ውሃ ቦዩ ሳይጠልፈው በፏፏቴው የማለፍ ዕድሉ መስፋቱ ነው፤ ክፋቱ ደግሞ ከመጀመሪያውኑ ወደ ዓባይ የሚለቀቀው ራሱ ማነሱ ነው። የጣና በለስ ማመንጫ ቤት ከመሬት በታች የተሠራ ስለሆነ ደግሞ የውሃው ዋና አዛዥ የሆነው ይህ ማመንጫ ፎቶ የሚነሳ ፊት እንኳ የለውም፤ ይህን የምለው በቅሬታ ሳይሆን በአድናቆት ነው።

እንግዲህ ከመሄድ በፊት ማድረግ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የአካባቢውን አስጎብኚ ስልክ ይዞ በዋዜማው መደወል ነው። «ፏፏቴው እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም «በጣም አሪፍ ነው» ማለቱ የማይቀር ስለሆነ፣ ጥያቄው ጠበብ ማለት አለበት። «ቦዩ ውሃ ይዟል ወይስ ደርቋል? ዛሬ ማመንጫው እየሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። እኔን ይዞኝ የዞረው ወጣት አንድ መለኪያ ነበረው፦ በፏፏቴው መካከል ከገደሉ አፍ ወጣ ብሎ የሚታይ ጥቁር የድንጋይ ጉብታ አለ፤ ወደ መመልከቻው ስንደርስ ካሜራዬን እስካወጣ ሳይጠብቅ በበትሩ እያመለከተ፣ «ጋሼ፣ ያ ድንጋይ አናቱ ብቻ ከታየዎት ውሃው ደህና ነው፤ ወገቡ ከታየዎት ግን ዛሬ መብራት በዝቷል ማለት ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ዕውቀት የትኛውም የጉብኝት ወረቀት ላይ አይገኝም፤ ለአስጎብኚ የሚከፈለው ገንዘብ ለዚህ ከሆነ ትክክለኛ ዋጋውን አግኝቷል።

ስለ አስጎብኚዎቹ በጥቅሉ ስናገር ግን ምስጋናዬ ያልተሟላ ነው። መንገዱን ያውቁታል፣ አቀበቱን ቀስ ብለው ያወጣሉ፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ይሸከማሉ፣ ዋሽንት እየነፉ የሚከተሉትንና ሻሽ የሚሸጡትን ልጆች ያለ ቁጣ ያስተናግዳሉ። የጎደላቸው ትዕግሥት ነው። ጎብኚ ማለት ፏፏቴው ፊት ቆሞ ሁለት ሦስት ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ነው ብለው ስለለመዱ፣ አንድ ሰው ደመና እስኪያልፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ የታመመ ይመስላቸዋል። ፎቶ ለማንሳት የሚሄድ ሰው ክፍያውን ከመስማማቱ በፊት ጊዜውን ቢስማማ ይሻላል፤ «ግማሽ ቀን እዚያው ነኝ፣ አልቸኩልም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በኋላ ከሚመጣው ማጉረምረም ታድናለች። መግቢያው ላይ ለአገር ውስጥና ለውጭ ጎብኚ የተለያየ ዋጋ አለ። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለወጥ እዚህ አልጽፈውም፤ ደረሰኝ መቀበልን ግን አይርሱ፤ በመንገድ ላይ ተቆጣጣሪ ሲጠይቅ እሱ ብቻ ነው የሚያናግረው።

ከጢስ ዓባይ ከተማ ተነስቶ በእግር ሲኬድ መጀመሪያ የሚገኘው የድንጋይ ድልድይ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ሕዝቡ የፖርቱጋሎች ድልድይ ይለዋል። ዓባይ እዚህ ጋ ከፏፏቴው ወርዶ በጠባብ የድንጋይ ጉሮሮ ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል፤ ድልድዩም ዛሬ ድረስ ከነገበያተኛውና ከነአህያው ተሸክሞ ያሻግራል። ፎቶ አንሺዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ቆም ሳይሉ ስለሚያልፉ የሚያመልጣቸው ነገር አለ። ከድልድዩ በታች ወዳለው ድንጋይ በጥንቃቄ ወረድ ብሎ በሰፊ ሌንስ ወደ ላይ ለሚመለከት ሰው፣ የቀስቱ ቅርጽ፣ የኖራው ስፌትና በላዩ የሚያልፍ እንስሳ አንድ ላይ ይገባሉ። በገበያ ቀን ማለዳ የሚሻገረው ሰው ብዙ ነው፤ የሰው ፎቶ ማንሳት ካለ ግን ሰላምታ ይቅደም። ጎጃም ውስጥ «እንደምን አደራችሁ» ሳይሉ ካሜራ መደገን ነውር ነው፤ ሰላም ብሎ የጠየቀን ሰው ደግሞ የሚከለክለው ጥቂት ነው።

ድልድዩን ተሻግሮ አቀበቱን ሲወጡ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይመጣል። ከፍታው ከ40 ሜትር በላይ ሲሆን ወንዙ ሲሞላ ስፋቱ 400 ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህ መመልከቻ የጉብኝቱ ልብ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። መመልከቻው ከፏፏቴው ማዶ በስተ ምሥራቅ በኩል ስላለ የጠዋት ፀሐይ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ትመጣለች፤ ብርሃኑ ገደሉን ፊት ለፊት ይመታዋል፣ የውሃው ነጭነት ይወጣል፣ የድንጋዩ ሽንትርም ይለያል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ወደ ፏፏቴው ጀርባ ስለምትዞር ጭሱ ብቻ ያበራል፣ ገደሉም ጥቁር ጥላ ይሆናል። ከባሕር ዳር ዘግይቶ ቁርስ በልቶ ለሚነሳ ሰው ይህ ቦታ ምሕረት የለውም።

ቀስተ ደመናም የጠዋት ነገር ነው። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ለሚቆም ሰው ሲሆን፣ ቀለሙ የሚሠራው ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ በ42 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ዙሪያ ነው። ጎብኚው ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ወደ ጭሱ ስለሚመለከት ከሜዳ ላይ ከሚያየው ሰው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያገኘዋል፤ ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ ቀስቱ ወደ ሸለቆው ውስጥ ይወርዳል እንጂ ወዲያው አይጠፋም። ስለዚህ ማለዳ ላይ ፍሬሙን ከላይ ሰፋ አድርጎ መያዝ፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ሌንሱን ወደ ጉርጓዱ ዝቅ ማድረግ ይበጃል። ጭስ ከሌለ ቀስትም የለምና ውሃው ባነሰ ቀን ይህን ሁሉ ማሰብ አያስፈልግም።

የብርሃን ልኬቱ ነገር ብዙ ፎቶ ያበላሻል። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ፀሐይ የመታው ነጭ ውሃ አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ ካሜራው አማካዩን ይይዝና ውሃውን ያቃጥለዋል፣ ማለትም ዝርዝሩ እስኪጠፋ ያነጣዋል፤ የተቃጠለ ነጭ ደግሞ በኋላ በኮምፒዩተር ቢለፉበት አይመለስም። መፍትሔው ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እያዩ ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (የብርሃን ማስተካከያውን) ወደ ታች ማውረድና በሮው ፋይል (ካሜራው ያልጨመቀው ጥሬ ምስል) መቅረጽ ነው። የድንጋዩ ጥላ በኋላ ሊነሳ ይችላል። በስልክ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ነጩ ውሃ ላይ በጣቱ ተጭኖ ይዞ ብርሃኑን በትንሹ ቢቀንሰው ያው ውጤት ያገኛል፤ ለፌስቡክ የሚሆን ፎቶ ከፈለገ ከዚህ በላይ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ውሃውን እንደ ሐር የማለስለስ ፋሽን እዚህ ቦታ ላይ እንደማይሠራ ለብዙ ሰው ነግሬ አላመነኝም። በትንሽ ምንጭ ላይ ሸተሩን (የካሜራውን የብርሃን መዝጊያ) ለአንድ ሰከንድ ከፍቶ ውሃውን ማለስለስ ያምራል። ዓባይ ሲሞላ ግን ጉልበቱ ያለው በሚፈነዳው ጠብታ፣ በሚገፋፋው ጭቃማ ማዕበልና ከሥር በሚነሳው ጭስ ውስጥ ነው፤ ይህ ሁሉ በረጅም ሸተር ወደ ጥጥ ይለወጣል። በሰከንድ አንድ ሺኛ ወይም ከዚያ ፈጥኖ የተነሳ ፎቶ የውሃውን ክብደት ያሳያል። ረጅም ሸተር የሚጠቅመው ውሃው ባነሰበት ወቅት ነው፤ ያኔ በገደሉ ላይ የሚወርዱትን ክሮች ብርሃን በሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ለግማሽ ሰከንድ ያህል መያዝ ደረቁን ገደል ያስጌጠዋል። ትራይፖድ መያዝ ያለበትም ለዚያ ብቻ ነው እንጂ በጠራራ ፀሐይ አቀበት ተሸክሞ መውጣቱ ለአስጎብኚውም አይመከርም።

ፖላራይዘር ፊልተር የያዘ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ፊልተሩ የእርጥብ ድንጋይና የቅጠል ነጸብራቅን ስለሚያጠፋ አረንጓዴው ይደምቃል፤ ነገር ግን የቀስተ ደመና ብርሃን ራሱ ፖላራይዝድ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ) ስለሆነ ቀለበቱን አንድ ወገን ሲያዞሩት ቀስቱን ያደምቀዋል፣ ሌላ ወገን ሲያዞሩት ጨርሶ ይሰርዘዋል። ቀስቱ ዓይን ላይ እያለ ካሜራው ውስጥ የለም ብሎ የሚደነግጥ ሰው ፊልተሩን ቀስ ብሎ ቢያዞረው ይመለስለታል።

ጭሱ ሌላ ወጪ ነው። ውሃው በበዛበት ወቅት ነፋሱ ወደ መመልከቻው ሲዞር ሌንሱ በአንድ አፍታ ይረጥባል። ደረቅ ጨርቅ ብዙ መያዝ፣ በአንድ ፎቶና በሌላው መካከል ሌንሱን ወደ ታች አድርጎ መቆየት፣ ሌንስ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ወደ ዛፉ ጥላ ራቅ ማለት ይገባል። እዚያ ላይ ቡና የሚያፈሉ እናቶች አሉ፤ ከረከቦታቸው አጠገብ ያለው ቦታ ከጭሱ የተጠበቀ ነው። ቡናውም ደህና ነው።

አሁን ወደ ማመንጫዎቹ ልመለስ። በአንድ ቃል ብናገር፣ በዚህ ጉብኝት ውስጥ እጅግ የተሻሉት ፎቶዎች ያሉት አብዛኛው ጎብኚ ጀርባውን በሚሰጠው በዚያ ወገን ነው። ወንዙን ከፏፏቴው በላይ የሚጠልፈው ቦይ፣ ከሸለቆው ግርጌ ወደ ዓባይ የሚመለሰው ውሃ፣ ከገደሉ አፍ ተነስተው በጤፍና በጫት ማሳዎች ላይ የሚያልፉት የብረት ምሰሶዎችና ሽቦዎች፣ ሁሉም ፏፏቴው ለምን እንደሚሞላና ለምን እንደሚደርቅ የሚተርኩ ናቸው። ሽቦን ከፍሬም ለማውጣት የሚታገል ፎቶ አንሺ ብዙ አይቻለሁ። ሽቦው እውነቱ ነው፤ የፏፏቴው ድርሻ በዚያ ሽቦ ላይ እየሄደ ነው። ማሳ ላይ የሚያርስ ገበሬ፣ ከኋላው ጭስ፣ በላዩ የኃይል ማስተላለፊያ ያለበት ረዘም ባለ ሌንስ የተነሳ አንድ ፎቶ፣ ከአሥር የፏፏቴ ፖስት ካርድ ይልቅ ስለ ቦታው ይናገራል።

ነገር ግን ፈቃድ የግድ ነው። የኃይል ማመንጫ፣ ግድብና ትልልቅ ድልድይ በአገራችን የሚጠበቁ ተቋማት ናቸው፤ ጥበቃው «አይቻልም» ካለ ክርክር የለም፣ ከሩቅ በረጅም ሌንስ እሰርቃለሁ ማለትም ከፎቶው የሚበልጥ ጣጣ ያመጣል። የማመንጫውን ግቢና የቦዩን በሮች ለማንሳት የሚፈልግ ሰው ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከሚያሳትመው ክፍል የድጋፍ ደብዳቤ አጽፎ ቀደም ብሎ ለሚመለከተው አካል ማቅረብ ይኖርበታል። ደብዳቤ ያልያዘ ሰው ደግሞ በአስጎብኚው አማካይነት ጥበቃውን አስቀድሞ ጠይቆ፣ የትኛው አቅጣጫ እንደሚፈቀድና የትኛው እንደማይፈቀድ ለይቶ ቢሠራ በሰላም ያነሳል። በእኔ ላይ የደረሰው መልስ ጨዋነት የተሞላበት ነበር። ጥበቃው የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካክሎ፣ «ወደዚህ አታዙር፤ ወደ ውሃው የፈለግኸውን ያህል አንሳ» ብሎ በእጁ መስመር አሰመረልኝ፤ ያች መስመር ሙሉ ቀን የሚያሠራ ቦታ ትታልኛለች። ድሮንን በተመለከተ ያለ ፈቃድ ማሰብም አያስፈልግም፤ ከባሕር ዳር ሳይነሱ በፊት ሆቴል ውስጥ መተው ይሻላል።

ከመመልከቻው በኋላ ሁለት መመለሻዎች አሉ። አንዱ በመጡበት ድልድይ መመለስ ሲሆን፣ ሌላው ወደ ፊት ወርዶ በተንጠልጣይ ድልድዩ አልፎ ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ መሻገር ነው። ጀልባው ሁለተኛውን መንገድ እንድመርጥ ያደርገኛል፤ ምክንያቱም ዓባይ ገደሉ ላይ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ምን ያህል ዝምተኛና ሰፊ እንደሆነ የሚታየው ከዚያ ነው፣ ፏፏቴውን ብቻ ያነሳ ሰው ደግሞ ይህን ግማሽ ታሪክ አያገኘውም። በጀልባው ላይ ካሜራውን ከአንገት አለማውረድ ነው። ውሃው በጣም በሞላበት ጊዜ ጀልባው ሊቆም ስለሚችል መመለሻውን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ያንኑ አቀበት በእኩለ ቀን ፀሐይ ደግሞ መውጣት ይመጣል።

የወቅቱን ነገር በተመለከተ ሰው ሁሉ ሐምሌና ነሐሴን ያስባል። ዝናቡ የሚበረታው ያኔ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጣና ትልቅ ሐይቅ ስለሆነ ውሃውን ወዲያው አይለቅም፣ ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም አካባቢ ነው። ሌላው ጉዳይ ቀለሙ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ደለሉን እዚያው አስቀምጦ የሚመጣ በመሆኑ በአንጻሩ የጠራ ሲሆን፣ በክረምት ፏፏቴውን ቡናማ የሚያደርጉት በባሕር ዳርና በጢስ ዓባይ መካከል የሚገቡት እንደ አንዳሳ ያሉ ወንዞች ናቸው። በመሆኑም ሐምሌ ላይ የሚነሳው ፎቶ ቀይ አፈር የተቀላቀለበት ቁጡ ውሃ ነው፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ የሚነሳው ግን ነጭ ውሃ፣ አረንጓዴ ሣርና አደይ አበባ ነው። እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የሚሄድ ሰው ለድልድዩ፣ ለገደሉ ቅርጽና ለማመንጫዎቹ ይሂድ፤ ለፏፏቴ ከሆነ ግን ገንዘቡን ይቆጥብ።

«ግድብ ማንሳት ካማረህ ለምን ታላቁን ግድብ አታነሳም?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 145 ሜትር ከፍታና 1,780 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዝ ግንባታ ነው፤ በዚያ መጠን ፊት ጢስ ዓባይ ጨቅላ ነው። ለፎቶ ግን መጠን ራሱ ችግር ይሆናል። አንድ ሰው ወይም አንድ መኪና አጠገቡ ካልቆመ በስተቀር ኮንክሪቱ ትልቅነቱን አይናገርም፤ በሰፊ ሌንስ ሲነሳ ይቀጭጫል፣ በረጅም ሌንስ ሲነሳ ደግሞ ግራጫ ግድግዳ ብቻ ይሆናል። እዚያም የሚፈስሰው ውሃ ከጣና የወጣው ብቻ አይደለም፤ የሐይቁ ድርሻ ከዓባይ አሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፣ የቀረውን ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ተምጫና ብር ከጎጃም፣ ሌሎች ብዙ ወንዞችም ከማዶ ይጨምሩበታል። ጢስ ዓባይ ላይ ግን ሐይቅ፣ ግድብ፣ ቦይ፣ ፏፏቴ፣ ማመንጫና የአራት መቶ ዓመት ድልድይ በአንድ ቀን የእግር ጉዞና በአጭር የመኪና መንገድ ውስጥ ይገኛሉ። የውሃ ኃይልን በፎቶ ማስረዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

ጉድለቶቹን በግልጽ ልናገር። ከሁሉ የሚከፋው መግቢያው ላይ የዕለቱን የውሃ ሁኔታ የሚገልጽ ምንም ነገር አለመኖሩ ነው። አንዲት ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ዛሬ ቦዩ ተከፍቷል» ተብሎ በጠመኔ ቢጻፍ ጎብኚው ሳይከፍል ይወስናል፤ የሚገባው ሰው ቁጥር ቢቀንስም የገባው አይቆጣም ነበር። ሁለተኛው ጉድለት ስለ ማመንጫዎቹ የሚያስረዳ ጽሑፍ መጥፋቱ ነው፤ ፏፏቴው ለምን እንደቀነሰ የሚጠይቅ ልጅ ይዞ የሚመጣ አባት መልሱን የሚያገኘው ከአስጎብኚው ግምት ነው። በአቀበቱ ላይ ጥላ ያለበት ማረፊያ ጥቂት መሆኑና የመጸዳጃው ነገር ጥሩ አለመሆኑም ለአዛውንት ጎብኚ ከባድ ነው። ከባሕር ዳር የሚወስዱ የኮንትራት መኪና ሾፌሮችም የመመለሻ ሰዓቱን እንደ ፍላጎታቸው ያሳጥሩታል፤ ከእነሱ ጋር ዋጋን ብቻ ሳይሆን ሰዓትንም አስቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል። የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ በዋዜማው ባሕር ዳር ካሉ ሰዎች ማጣራት ተገቢ ነው።

ከአምስት ብመዝን ለአስጎብኚዎቹ ሦስት፣ ለድልድዩ አምስት፣ ለጀልባው አራት፣ ለመረጃ አሰጣጡ አንድ እሰጣለሁ። ፏፏቴውን ነጥብ አልሰጠውም፤ ውጤቱ የሚወጣው ጨረጨራ ላይ ነው። ለመሄድ የወሰነ ሰው ባሕር ዳር አድሮ ጎህ ሲቀድ ይነሳ፣ አንድ ሰፊና አንድ ረዘም ያለ ሌንስ፣ ፖላራይዘር፣ በቂ ጨርቅና ትርፍ ባትሪ ይያዝ። ሲመለስ ጊዜ ከተረፈው ከተማው ውስጥ ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ አካባቢ የወንዙን መነሻ፣ ጥበቃው የሚፈቅድለትን ያህል፣ በማታ ብርሃን ቢጨምርበት ተከታታይ ፎቶዎቹ ከሐይቁ እስከ ሸለቆው ይሞላሉ።